የማሽላው ኅብስት

ይህን ነገር ለባሌ አልነገርኩትም፤ ሳልነግረው ሞተ። ለልጆቼም አልነገርኳቸውም። ለካህን የተናገርኩት ግማሹን ነው፤ ግማሽ ኑዛዜ ደግሞ ኑዛዜ እንዳልሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። አንተ የምታነበው፣ አንቺ የምታነቢው፣ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም። አፌን የምከፍተውም ስለማላውቃችሁ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ እንደተቀመጠ ካህን ጆሮ ብቻ ሁኑልኝ፤ እስክጨርስ ድረስ "አይዞሽ" እንዳትሉኝ።

እንዳላመልጥ ጥፋቴን መጀመሪያ ልናገረው። እኔ ዘነበች ለቅዳሴ የሚሆነውን ኅብስት በማሽላ ዱቄት ጋገርኩ። ከዚያ ጥፋቱን ሌላ ሴት ስትሸከመው አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ። ሴትየዋ ማርታ ትባል ነበር።

ማሽላ ቢሆን ምን አለበት የሚል ይኖራል። በእኛ በካቶሊኮቹ ቤት የቁርባን ኅብስት ስንዴና ውሃ ብቻ ነው። እርሾ የለው፣ ጨው የለው፣ ሌላ እህል አይነካውም። ስንዴ ካልሆነ፣ ካህኑ ቢጸልይበትም፣ ሕዝቡ ቢንበረከክለትም፣ ቁርባን አይሆንም። መጀመሪያ የተማርኩት ይህንን ነው። ሳላውቅ አጠፋሁ ለማለት የሚያስችል ቀዳዳ የለኝም ማለት ነው።

ድሬዳዋ የመጣሁት ባሌን ተከትዬ ነው። እሱ የምድር ባቡር ሠራተኛ፣ ከአያቱ ጀምሮ ካቶሊክ፤ እኔ ከደጋ የመጣሁ የኦርቶዶክስ ልጅ። ሃይማኖቷን ለውጣ አገባች ተብሎ አባቴ ቤት ስሜ እንዳይነሳ ተደረገ። ድሬ ደግሞ ሰው በአንድ ወሬ ውስጥ ሦስት ቋንቋ እየቀላቀለ የሚሳሳቅባት ከተማ ናት፤ እኔ ከአማርኛ ሌላ አልችልም፤ ሙቀቱም ሊገድለኝ ደርሶ ነበር። ለብዙ ጊዜ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ከኋላ ካለው ዓምድ ሥር ተቀምጬ እመለስ ነበር። "የዓምዷ ሴትዮ" ይሉኝ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ስሜን የሚያውቅ አልነበረም።

ከዚያ ደርግ መጣ። የውጭ አገር አባቶች አንድ በአንድ ሄዱ። የቤተ ክርስቲያኑ ትምህርት ቤት ተወረሰ። ቀበሌያችን ስብሰባውን እሑድ ጠዋት ማድረግ ጀመረ፤ ከቅዳሴ የሚቀር ነበር እንጂ ከስብሰባ ለመቅረት የሚደፍር አልነበረም። አንድ ካህን ቀሩልን፤ አባ ጴጥሮስ። የቀረውን ሥራ የያዙት ማንም ያልቀጠራቸው፣ ማንም የማይከፍላቸው ሰዎች ነበሩ። ግቢ ይጠርጋሉ፣ የመሠዊያውን ልብስ ያጥባሉ፣ በሽተኛ ይጠይቃሉ፣ ከሥራ መልስ መጥተው መዝሙር ይለማመዳሉ። አንዳንዶቹ እዚያ ግቢ ውስጥ ያረጁ ናቸው። ከዓምዴ ሥር ሆኜ ሳያቸው በጣም ይገርሙኝ ነበር። ሰው እንዴት የራሱ ባልሆነ ቤት ውስጥ እንደዚህ የቤቱ ያህል ይመላለሳል? እቀናም ነበር። አልደብቅም፤ በመጥረጊያቸው ቀናሁ።

የሶማሌ ጦርነት ሲመጣ የባቡሩ መስመር ተቆረጠ። የቁርባኑ ኅብስት ከአዲስ አበባ በባቡር ነበር የሚላክልን። ሲቋረጥ እማማ ካተሪና የሚባሉ አሮጊት፣ በሚሲዮን ያደጉ፣ ከዕቃ ቤቱ ጥግ አንድ የዛገ ብረት ጎትተው አወጡ። ረጃጅም እጀታ ያለው፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈትና የሚዘጋ፣ ሁለት ክብ ሳህን ነው። በውስጡ መስቀል ተቀርጾበታል። በአሸዋ ፈግፍገው፣ በሰም ወልውለው፣ "ዱቄት ማቡካት የምትችል ጨዋ ሴት አምጡልኝ" አሉ። የባሌ ጓደኛ ሚስት ጠቆመችኝ። በሙያዬ እኮራ ነበርና ሮጬ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ቀን እስክሞት አልረሳውም። ብረቱ ከሰል ላይ ጋለ፤ ቀጭኑን ሊጥ በማንኪያ አፈሰስኩበት፤ እማማ ካተሪና ዘጉት። ሰዓት አልነበረንም። የምንለካው በጸሎት ነበር፤ በአንዱ ጎን አንድ "ጸጋ የሞላሽ ማርያም"፣ ይገለበጣል፣ በሌላው ጎን አንድ። ብረቱ ሲከፈት እንፋሎቱ ወጣና ከሥሩ ነጭ፣ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ቂጣ፣ መሐሉ ላይ መስቀል ታትሞበት ተገኘ። አሁን እኔ በማንኪያ ያፈሰስኩት ሊጥ ነገ መሠዊያው ላይ ምን እንደሚሆን አሰብኩና ማንኪያውን አስቀመጥኩ። የዱቄት ነገር ነው እኮ! ዕድሜ ልኬን ዱቄት ሳቦካ ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ የፈራሁት ዱቄት ግን የለም።

ሦስት ነበርን። እኔ አቦካለሁ፣ እማማ ካተሪና ክብ ክቡን ይቆርጣሉ፣ ማርታ ከሰሉን ታራግባለች፣ ከባዱንም ብረት ትገለብጣለች። ማርታ ከድሬ ወጣ ብላ ያለችው የዋሂል ልጅ ናት፤ ኦሮሞ፤ ባሏ የሞተባት፤ ቀፊራ ገበያ የማሽላ ዱቄት ትሸጣለች። ክንዷ የወንድ ክንድ ነው። አማርኛዋ ውስጥ "አንቱ" የሚባል ነገር ስላልነበረ አባ ጴጥሮስን ሳይቀር "አንተ" ነበር የምትላቸው፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር። አንድ ቀን ብረቱ እጇን ሲያቃጥላት፣

"ያ ረቢ! ወላሂ፣ ይሄ ብረት ሰይጣን አለበት!" አለች።

"በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወላሂ ትያለሽ? መስቀል ያለበትን ብረት ሰይጣን ትያለሽ?" አሉ እማማ ካተሪና።

"ምን ልበል ታዲያ? ብረቱ አማርኛ አይሰማም፣ አቦ!"

ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ቀን ነው "ዘነቡ" ብላ የጠራችኝ። በዚያ ከተማ ስሜን አቆላምጦ የጠራኝ የመጀመሪያው ሰው ማርታ ናት። ልብ በሉ፤ ማንን እንደጎዳሁ እንድታውቁልኝ ነው ይህን የምነግራችሁ።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሆንኩ። እሑድ ስገባ ቦታ ይለቀቅልኛል። "ኅብስቱን የምትጋግረው" እባላለሁ። ሕዝቡ ሲቆርብ ከዓምዴ ሥር አይደለም፤ ከፊት ሆኜ እያየሁ፣ ያ ሁሉ ሰው አፉን ከፍቶ የሚቀበለው በእጄ ያለፈውን ነው እል ነበር። የሚያስፈራ ደስታ ነው። አባቴ ቤት ስሜ አይነሳም፤ እዚህ ግን እግዚአብሔር በእኔ ሊጥ በኩል ወደ ሰው ይሄዳል። ታዲያ ይህን ማጣት እንዴት አልፈራም? አያችሁ፣ ምክንያት መደርደር ጀመርኩ። ተዉት።

ጦርነቱ ከተማይቱ ጫፍ ሲደርስ ስንዴ ጠፋ። አባ ጴጥሮስ ከየት እንዳገኙት እንጃ፣ አንድ ቆርቆሮ ንጹሕ የስንዴ ዱቄት አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ። "ሌላ የለም፤ አደራ" አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር። እማማ ካተሪና ታመው ስለቀሩ እኔና ማርታ ብቻ ነበርን። ማርታ ከቀፊራ በቀጥታ መጥታ ጆንያዋን ጠረጴዛው ሥር አኖረች፤ ልብሷ እስከ ጉልበቷ ዱቄት በዱቄት ነው። የቀበሌው ራሽን እንዳላደረሰን ታውቃለችና ከጆንያዋ ጥሩውን ነጭ ማሽላ በጣሳ እየቀዳች በጨርቅ ቋጠረችልኝ። የቀዳችው እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ የስንዴው ቆርቆሮ አጠገብ ነው።

"ለልጆችሽ ገንፎ አድርጊላቸው" አለችኝ። ከዚያ ከሰል ልታመጣ ወጣች።

በጥይቱ ምክንያት መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍነነው ስለነበር ክፍሉ ጨለማ ነው። መብራት የለም። ፋኖሱ ነጭ ጋዝ አልቆበታል። እማማ ካተሪና ያወጡት አንድ ሕግ ነበር፤ ፋኖስ የሚሞላው ውጭ ነው፤ ወደ ዱቄቱ ክፍል ጋዝ አይገባም። እኔ ግን ባለሙያዋ፣ እጄ ስቶ የማያውቀው፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ክዳኑ የተከፈተ ቆርቆሮ አጠገብ፣ የጋዙን ጠርሙስ ከፈትኩ። መድፍ ተተኮሰ። ደነገጥኩ። ጠርሙሱ ዱቄቱ ላይ ተደፋ።

ለብዙ ዓመት መድፉ ነው ስል ኖሬአለሁ። መድፍ ጠርሙስ ይከፍታል እንዴ? እኔ ነኝ የከፈትኩት።

የጋዙ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ከቆርቆሮው የሚተርፍ አልነበረም። የተረፈው አስቀድሜ የነፋሁት፣ ወንፊቱ ሥር ያለ አንድ እፍኝ ስንዴ ብቻ ነው። ያኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ? አባ ጴጥሮስ ቤታቸው ግቢው ውስጥ ነው፤ በሩን አንኳኩቼ "አባ፣ አጠፋሁ" ማለት ነበር። ወይም ማርታን መጠበቅ። ማርታ ቀፊራን እንደ ጓዳዋ ነው የምታውቃት፤ የደበቀ ነጋዴ ቤት ገብታ፣ በሦስቱም ቋንቋ ተሳድባ፣ ስንዴ ይዛ ትመጣ ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገኝ። እኔ ግን ያሰብኩት ከፊት ያለውን ቦታዬን ነው። "ኅብስቱን የምትጋግረው" የሚለውን ስሜን ነው። የተበላሸውን ዱቄት በአሮጌ ጆንያ ጠቅልዬ ከጓሮ ጉድጓድ ጨመርኩት። ማርታ የቋጠረችልኝን ማሽላ ፈታሁ። በስሱ ወንፊት ደጋግሜ ነፋሁት፣ ከእፍኟ ስንዴ ጋር ቀላቀልኩት፣ አቦካሁት።

ማርታ ከሰሉን ይዛ ስትመለስ "ጋዝ ይሸታል" አለች። "ፋኖስ ሞልቼ ነው" አልኳት። ብረቱን ያዘች። እኔ ሊጡን አፈሰስኩ። አንድ "ጸጋ የሞላሽ ማርያም"፤ ገለበጠችው፤ አንድ "ጸጋ የሞላሽ ማርያም"። ያን ጸሎት ያን ቀን በአፌ እንዴት እንዳወጣሁት ዛሬም ይደንቀኛል። ቂጣው አልለሰልስ አለ፤ ጠርዙ ይፈረካከሳል፤ መልኩም ደብዘዝ ያለ ነው። በፋኖስ ብርሃን ማርታ ልብ አላለችውም።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። እንደዚያን ቀን ሞልቶ አላየሁትም። ለዓመታት ደጁን ያልረገጡ መጥተዋል፤ የቀበሌው ሰዎች ጭምር ከኋላ ቆመዋል። ውጭ ግቢው ውስጥ እስላም ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ይዘው በግንቡ ተጠልለዋል። ከሁርሶ ማሠልጠኛ ወደ ግንባር የሚሄዱ ወታደሮች መኪናቸውን አቁመው ገቡ፤ መሣሪያቸውን በር ላይ አስደገፉት። ያ ሁሉ ሰው፣ መድፉ ከሩቅ እየተሰማ፣ ድምፁን አጥፍቶ መሠዊያውን ያይ ነበር።

አባ ጴጥሮስ ኅብስቱን ከፍ አደረጉ። ሕዝቡ አንድ ላይ ተንበረከከ። እኔም ተንበረከክሁ። ለማን ነው የተንበረከክሁት? ለማርታ ማሽላ? የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ የሰገደለት ነገር ምን እንደሆነ በዚያ ቤት ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያም አባ ለመቁረስ እጃቸውን ሲያሳርፉበት ኅብስቱ ለሁለት አልተከፈለም፤ በእጃቸው ላይ ፈረሰ። ፍርፋሪው የመሠዊያው ልብስ ላይ ተበተነ። አባ ደንግጠው ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ጫፍ አንድ በአንድ ይለቅሙት ጀመር። የጌታ ሥጋ ነው ብለው ነዋ! ሕዝቡ ሁሉ እንደተንበረከከ ጠበቃቸው። ለረጅም ጊዜ ለቀሙ። እኔ ያን ጎንበስ ያለ ጀርባቸውን አይቼ አልጮህኩም።

ከወታደሮቹ አንዱ ልጅ እግር ነበር። ሲቆርብ ዓይኑን ጨፍኖ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። ተነስቶ ሲሄድ ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። አሁን ሞትን መቋቋም እችላለሁ የሚል ሰው ፊት ነው። መሣሪያውን አንስቶ ወጣ። ስሙን አላውቅም። የበላው ምን እንደነበር አውቃለሁ። ያ ሰላም ከየት መጣለት? የሰጠሁት ማሽላ ነው፤ የተቀበለው ግን ማሽላ የሚሰጠውን አልነበረም። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ አፌን ይዤ እቀመጣለሁ።

ከቅዳሴው በኋላ አባ ወደ ዱቄቱ ክፍል መጡ። እማማ ካተሪናም ከነሕመማቸው ተነስተው መጥተው ነበር። አንድ የተረፈ ቂጣ አንስተው ቀመሱት።

"ይሄ ስንዴ አይደለም። ማሽላ አለበት" አሉ እማማ።

የእማማ ካተሪና ዓይን ቀስ ብሎ ወደ ማርታ ልብስ ሄደ። የአባም ዓይን ተከተለ። የገበያ ልብሷ ነበር፤ ሌላ አልነበራት ይሆናል።

"ጆንያሽን እዚህ አስገብተሽ ነበር?" አሉ እማማ ካተሪና።

"አዎ፣ እዚህ ሥር ነበር" አለች ማርታ።

"ማሽላውን ጠረጴዛው ላይ ቀድተሻል?"

"ለዘነቡ ቀዳሁላት። በጣሳ።" ከዚያ ማርታ እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ልብሷን አየች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። "ያ ረቢ! እኔ ነኝ! በጨለማ ቀድቼ፣ ወደ ቆርቆሮው ገልብጬ ይሆናል። እኔ ነኝ፣ አባ። የጌታን እንጀራ አበላሸሁት!"

ተንበረከከች። አባ ጴጥሮስ ቶሎ ብለው ሊያነሷት ሞከሩ፤ አልነሳ አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ዘነበች፣ አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?"

ዓይኔን መሬት ላይ ጣልኩ። "አላውቅም አባ" አልኩ።

ይኸው ነው። ማሽላውን መቀላቀሌን በድንጋጤ ነው ልትሉልኝ ትችሉ ይሆናል። "አላውቅም" ያልኩት ግን በድንጋጤ አይደለም። አስቤ ነው። አንዲት ንጹሕ ሴት አጠገቤ ተንበርክካ በእኔ ኃጢአት ስታለቅስ፣ ቆሜ ያየኋት እኔ ነኝ። አላውቅም ያልኩት እኔ ነኝ። ጌታን "አላውቀውም" ያለ ሐዋርያ ዶሮ ሲጮህ ወጥቶ አለቀሰ፤ እኔ ቤቴ ሄጄ ምሳ አቀረብኩ።

አባ ማርታን አላባረሯትም። "ስህተት ነው፣ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል፤ ተመለሺ" ብለው ለመኗት። እሷ ናት እንቢ ያለችው። ያን ክፍል ዳግመኛ አልረገጠችም። ግቢውን ልጥረግ አለች፤ ትጠርግ ጀመር። ከቀፊራ ስትመጣ ግን ከበሩ ውጭ ትቆማለች። ነጠላዋን ታወልቅና ታራግፋለች። የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ትመታለች። እጇን በአፈር ታሻሻለች፤ በጣሳ ውሃ ትታጠባለች። ከዚያ ነው የምትገባው። ዱቄት ያልነካችበት ቀንም ቢሆን እንዲሁ ታደርጋለች። ሕፃናት ይስቁባት ነበር። እኔ ከፊት ካለው ቦታዬ ሆኜ በክፍቱ በር በኩል አያታለሁ። ነጠላዋን ባራገፈች ቁጥር የሚበነው አቧራ ዓይኔ ውስጥ የሚገባ ይመስለኝ ነበር።

ስንቴ ልነግራት ተነሳሁ! ቀፊራ ድረስ ሄጄ ከፊቷ ቆሜ አውቃለሁ። "ዘነቡ! ልጆቹ እንዴት ናቸው?" ትለኝና ጣሳዋን ሞልታ ትቋጥርልኛለች። ተቀብዬ እመለሳለሁ። ማሽላዋን ተቀብዬ!

ከዓመታት በኋላ ሌላ ካህን ተመደቡልን። የዱቄቱን ነገር በኑዛዜ ተናገርኩ፤ የማርታን ግን ሸፋፍኜ "ሌላ ሰውም ተጠርጥሮ ነበር" ብዬ አለፍኩ። ስለዚያ ወታደርና ስለ ሕዝቡ ጠየቅኋቸው፤ በባዶ ነው ወይ የሄዱት አልኳቸው። "እኛ በስንዴው ታስረናል፤ እግዚአብሔር ግን አልታሰረም። ለተራበው የሚደርስበት መንገድ አያጣም" አሉኝ። አለቀስኩ። ከዚያም "ለተጠረጠረው ሰው ግን ስሙን የምትመልሺለት አንቺ ነሽ፤ እግዚአብሔር በአንቺ ፈንታ አይናገርም" አሉኝ። እሺ አልኩ። አልሄድኩም።

የሆነ ጊዜ ላይ አንድ ነገር አየሁ። እሑድ ጠዋት አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ነጠላዋን አራገፈች። ቀጥሎ ሌላዋ። ከማርታ ያዩት ነው። ከጊዜ በኋላ ሴቶቹ ሁሉ፣ ወንዶችም አንዳንዶቹ፣ ከበሩ ውጭ ቆመው ልብሳቸውን ሳያራግፉ መግባት ነውር ሆነ። "የዓለምን ትቢያ አራግፎ ለመግባት ነው" ብለው ለልጆቻቸው ያስተምሩ ጀመር። ሕፃናቱ በትንንሽ እጃቸው ቀሚሳቸውን እየመቱ ሲገቡ ማየት እንዴት ያምር ነበር! ከእኔ ውሸትና ከማርታ ሐፍረት እግዚአብሔር ይህን አወጣ። እፈራዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራን አምላክ እንዴት አልፈራም? ለእኔ ግን ማምለጫ አይሆነኝም። እሱ ያሳመረው የእሱ ሥራ ነው፤ እኔ የሠራሁት እኔ የሠራሁት ነው።

ደርግ ሊወድቅ አካባቢ ማርታ ታመመች። ወንድሟ ወደ ዋሂል ወሰዳት። ልትሞት ነው የሚል መልእክት ሲመጣ ካህኑ ቁርባን ይዘው ሲሄዱ እኔም አብሬ ሄድኩ። የያዙት ኅብስት እኔ የጋገርኩት ነው፤ ንጹሕ ስንዴ። በመንገዱ ሁሉ "ዛሬ እነግራታለሁ" እያልኩ ነው የሄድኩት።

ያ ክንድ አልቋል። አልጋው ላይ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው። ስታየኝ ሳቀች። ካህኑ ከደጅ ወንድሟን ሲያነጋግሩ ብቻችንን ቀረን።

"ዘነቡ፣ እጄን እጠቢልኝ። ዱቄት እንዳይኖርበት። ጌታ ሊመጣ ነው" አለችኝ።

ወራት ሙሉ ዱቄት ነክታ አታውቅም። ውሃ አምጥቼ ተንበረከክሁ። እጇን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት አጠብኩት። ውሃው ንጹሕ ሆኖ ገባ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ።

"ንጹሕ ነው፣ ማርታ" አልኳት።

"አንቺ ስለምትወጂኝ ነው" አለች። ትንፋሿን ሰብስባ ደግሞ፣ "ያን ቀን ሁሉም ልብሴን ሲያይ አንቺ ብቻ እንዳላፍር ብለሽ መሬት አየሽ። አልረሳሁትም፤ ወላሂ። ጌታ ጋ ስሄድ እነግርልሻለሁ።"

አፌ ተከፈተ። ምስክሬ እግዚአብሔር ነው፣ ተከፈተ። ያን ጊዜ ብናገር ቀላል ነበር፤ "እኔ ነኝ" ማለት ነው። ከዚያች አልጋ ላይ ነፃ ሆና ትሄድ ነበር። ግን በዚያ ዓይን ውስጥ የነበረችው ዘነበች ደግ ነበረች። እሷን መግደል አልቻልኩም። ካህኑ ገቡ። ማርታ የታጠበ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ እኔ የጋገርኩትን ተቀበለች። ፊቷ በራ። ከአልጋዋ እግር ሥር ተንበርክኬ አየሁ። በዚያው ሳምንት ሞተች፤ ጥፋተኛ ነኝ ብላ እንዳመነች ሞተች።

አሁን አሮጊት ነኝ። ልጃገረዶችን ኅብስት መጋገር የማስተምረው እኔ ነኝ፤ "ስንዴና ውሃ ብቻ" ስላቸው በአድናቆት ያዩኛል። በዚህ ሳምንት ይህን የጻፍኩትን በእነሱ ፊት አነብላቸዋለሁ፤ ብረቱንም አስረክባለሁ። ከፊት ያለውንም ቦታ እለቃለሁ። ዓምዱ ሥር ያለው ቦታ እስከ አሁን ባዶ ነው።

ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፤ መስጠቱ የእናንተ አይደለም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ድሬ ከመጣችሁና በእኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሴቶች ነጠላቸውን ሲያራግፉ ካያችሁ፣ ትርጉሙን ቢነግሯችሁም፣ መጀመሪያ ያራገፈችው ማርታ እንደሆነች እወቁልኝ፤ የምታራግፈውም ጥፋት እንዳልነበራት እወቁልኝ።

ማርታ፣ ዱቄቱን የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። መሬት ያየሁት አንቺን ላለማሳፈር አልነበረም። እጅሽ ያን ቀንም ንጹሕ ነበር።